ያልሄደው ጉብታ

ወንድሜ የእኔን ሥራ «ወንዝ ዳበሳ» ነበር የሚለው። ሰው እህትህ ምን ትሠራለች ብሎ ሲጠይቀው ፊቱን ኮስተር አድርጎ «ወንዝ ስትዳብስ ትውላለች፣ ለዚያም ደመወዝ ይከፍሏታል» ይላል። እውነቱን ለመናገር እኔም ከዚያ አሳጥሬ ማስረዳት አልችልም። የወንዝ ወለል ምን ያህል ሻካራ እንደሆነ እገምታለሁ። ሻካራ ወለል ውኃውን ይዞ ያዘገየዋል፣ ለስላሳ ወለል ይለቀዋል። ጎርፉ የት ድረስ እንደሚወጣ፣ ድልድዩ ይችለው እንደሆነ፣ ነገሩ ሁሉ የሚጀምረው ከዚያች ከአንዲት ቁጥር ነው። ችግሩ የእኛ ወንዝ ወለል አሸዋ ነው፣ አሸዋ ደግሞ አርፎ አይቀመጥም። ውኃው ሲገፋው ይቆለልና ጉብታ ይሆናል፤ ጉብታው ከኋላው እየተሸረሸረ፣ ከፊቱ እየተደረመሰ፣ ቀስ እያለ ወደ ታች ይሄዳል። ውኃው ሲበረታ ጉብታው ያድጋል፣ ሲደክም ያንሳል፣ ሻካራነቱም አብሮት ይወጣል ይወርዳል። ስለዚህ ዛሬ የለካሁት ነገ ቦታው ላይ አይገኝም። ይህን ስነግረው ወንድሜ «ታዲያ ለምን ትለኪዋለሽ፣ አርፈሽ ተኚ» ይለኝ ነበር።

እሱ ከዚያው ወንዝ አሸዋ እያወጣ ለግንበኞች የሚሸጥ የጀልባ ሰው ነው። «አንቺ ቁጠሪው፣ እኔ ልስረቀው» ይላል። መዳፉ በገመድና በአካፋ ብዛት ደርቆ ደርቆ እናታችን «ሞረድ» የሚል ስም አወጣችለት፣ ሰፈሩም ተቀበላት፣ እኔም ዋና ስሙን ከጠራሁት ዘመን የለኝም። ከሥራ ሲመጣ እማዬ ወንበሯ ላይ እንዳለች ጀርባዋን ታዞርለታለች። «ና እስቲ ሞረዴ፣ እከክልኝ» ትለዋለች። ጥፍር አያስፈልገውም፤ በመዳፉ ብቻ ያሻታል፣ እሷም ዓይኗን ጨፍና «እፎይ» ትላለች። እኔ ልሞክር ብዬ ስጠጋ «ተይው፣ ያንቺ የወረቀት እጅ ነው፣ ያዳልጣል» ብላ ታባርረኛለች። እኔ በተፈጥሮዬ ቁጡ ነኝ። አኩርፌ ከሆነ ደግሞ ሞረድ ያንን መዳፉን ግንባሬ ላይ ይለጥፍና «ዛሬ ሻካራነትሽ ስንት ነው?» ይለኛል። ሳልወድ በግዴ ያስቀኛል።

ሞረድ ከነጀልባው ከጠፋ ሳምንት አልፎት ነበር። ከላይ ድንገተኛ ዝናብ ጥሎ ወንዙ የሞላ ዕለት፣ ከሰዓት በኋላ፣ አሸዋ ጭኖ ወንዙ ወደሚታጠፍበት ወደ ማጠፊያው ሲወርድ ድልድዩ ላይ የነበሩ ሰዎች አይተውታል። ከማጠፊያው በታች ያየው ሰው የለም። ብቻውን ነበር። በማግስቱ ጀሪካኑና የዝናብ ልብሱ በጣም ርቀው፣ ወንዙ ከባሕር ጋር የሚገናኝበት ላይ ሲንሳፈፉ ተገኙ፣ ፍለጋውም ሄዶ እዚያ ተተከለ።

ጀሪካን ይንሳፈፋል፣ አሸዋ የጫነ ጀልባ ግን ይሰምጣል ብዬ ብጮህ ሰሚ አላገኘሁም። ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጣው ባለሙያ የሰመጠውን ጀልባ ውኃው እስከ የት ሊገፋው እንደሚችል አስልቶ ነበር። ስሌቱን አየሁት፤ እንዲህ ይላል። አሸዋው ደቃቅ ስለሆነ ወለሉን እንደ ልስን ግድግዳ ለስላሳ አድርጎ ይዞታል። በለስላሳ ወለል ላይ ደግሞ የታችኛው ውኃ ይሮጣል፣ ጀልባውንም እያንከባለለ ባሕር ያደርሰዋል። ጉብታ የሚሠራው ያው ደቃቁ አሸዋ አይደለም ወይ አልኩት። በዚያ ሰሞን ወለሉ ላይ ሰው የሚያህል ጉብታ ነው ያለው፣ ላይ ላዩን ውኃው ቢሮጥ ታች ይንፏቀቃል፣ ከባድ ነገር ሩቅ አይሄድም፣ ማጠፊያው ሥር ፈልጉ አልኩት። ሰውየው ትሑት ነው፣ ድምፁንም አልጨመረም። «እህቴ፣ ሐዘንሽ ይገባኛል» አለኝ። እኔ ስለ ወለል ስነግረው እሱ ስለ ሐዘኔ መለሰልኝ። እንደዚያ ቀን ሰው ለመምታት እጄን በልቶኝ አያውቅም።

ለፍለጋው ተብሎ ከላይ ያለው ግድብ በሮቹን ዘጋ አድርጎ ውኃውን ቀንሶልን ነበር። እሱም ቢሆን ልክ አለው። ዝናቡ አላቆመም፣ የግድቡ ሐይቅ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ፤ አንድ ጠዋት፣ በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ በሮቹ እንደሚከፈቱ ተነገረን። ያ ሁሉ ውኃ ሲለቀቅ ወለሉ ይገለበጣል። ጀልባው ወይ ጉብታ ሥር ይቀበራል፣ ወይ ተሰባብሮ ባሕር ይገባል፣ ከዚያ በኋላ የሚፈልግም የሚያገኝም የለም። እስከ ነገ እኩለ ቀን ወንድሜን ካላገኘሁት፣ አላገኘውም። ያን ጠዋት ቢሮ ስገባ የማውቀው ይህንን ብቻ ነበር።

ቢሮ መግባቴ ራሱ ሰው አስገርሟል። ቤት ልቀመጥ? የእማዬን ፊት ሳይ ልዋል? የመሥሪያ ቤታችን ቀያሽ በየቀኑ የጥልቀት መለኪያውን በሞተር ጀልባ እያስጎተተ ወንዙን ከማጠፊያው እስከ ባሕሩ ይለካ ነበር፣ ለጠላቂዎቹ ካርታ እንዲሆናቸው። እኔም እጄ ሥራ እንዲይዝ ብዬ ከዚያው ልኬት የየክፍሉን የሻካራነት ቁጥር አወጣ ነበር። ማንም አላዘዘኝም፣ ለማንም አይጠቅምም። ሌላው ሰው ሲጨንቀው ቤት ይጠርጋል፣ እኔ ቁጥር አወጣለሁ።

የግድቡ ውኃ ስለቀነሰ ጉብታዎቹ እያነሱ፣ ቁጥሩም ቀን በቀን እየወረደ ነበር። በሁሉም ክፍል ወርዷል። ከማጠፊያው ቀጥሎ ባለው ክፍል ግን አልወረደም። መጀመሪያ ተሳስቼ ነው ብዬ ደገምኩት። ያው ነው። ፕሮግራሙን ተራገምኩ፣ ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አበራሁት፣ ያው ነው። ውኃው እየደከመ ወለሉ እንዴት አልለሰልስም ይላል? አንድ ነገር እዚያ ሙጭጭ ብሏል።

ይህን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። የእኛ መሥሪያ ቤት ልማድ እንዲህ ነው። ቀያሹ ለክቶ ያመጣው ጥሬ ወለል እንዳለ ለማንም አይሰጥም፤ ወጣ ገባው ያስቸግራል። መጀመሪያ ፕሮግራሙ ያለሰልሰዋል። ጉብታዎቹን ሁሉ ጠፍጥፎ ለጥ ያለ ወለል ይሠራል፣ የጠፈጠፈውን ያህል ደግሞ አንድ የሻካራነት ቁጥር አድርጎ ያስቀምጣል። ካርታው ለሰው ይሄዳል፣ ቁጥሩ ለእኔ ይመጣል። ለጎርፍ ስሌት ይህ ምንም አይልም፣ ሁላችንም ስንሠራበት ኖረናል። ለጠላቂዎቹ ሳምንቱን ሙሉ ሲሰጣቸው የከረመውም ያው የተለሰለሰው ካርታ ነው። በዚያ ካርታ ላይ ጀልባ ቢኖርም አይታይም፤ ጉብታ መስሎ ተጠፍጥፏል። ወንድሜ ያለው እኔ ጋ ነው፣ ቁጥሩ ውስጥ።

ቀያሹን ጠርቼ ጥሬውን አምጣልኝ አልኩት። ምን ሊያደርግልሽ ብሎ ጠየቀኝ፣ ፊቴን ሲያይ ግን መልሴን ሳይጠብቅ አመጣው። የመጀመሪያውን ቀን ወለልና የዛሬውን አንዱን በሌላው ላይ ደርበን ስክሪኑ ላይ ዘረጋናቸው። ጉብታዎቹ ሁሉ ሄደዋል። አንዱ ብዙ፣ አንዱ ትንሽ፣ ግን ሁሉም ወደ ታች ተራምደው ከድሮ ቦታቸው ፈቀቅ ብለዋል። አንድ ጉብታ ብቻ የመጀመሪያው ቀን የነበረበት ላይ ዛሬም አለ። አሸዋ ከላይ ይመጣበታል፣ ያልፈዋል፣ እሱ አይነቃነቅም።

ቀያሹ ድንጋይ ሊሆን ይችላል አለ፣ ለእኔ አዝኖ እንጂ አምኖበት አልነበረም። አምና ያንኑ ቦታ ራሱ ለክቶታል፣ ድንጋይ አልነበረም። ርዝመቱን በመዳፊቱ ከዳር እስከ ዳር አስለካሁት። የሞረድ ጀልባ ልክ ነበር። ቀያሹ መነጽሩን አወለቀና ሲጠርግ ቆየ፣ እኔም እሱን ላለማየት መስኮቱን ማየት ጀመርኩ።

የፍለጋውን ኃላፊ ሁሉም «ሻለቃ» ነው የሚለው። ያገኘሁት በወንዙ አፍ፣ ድንኳኑ ፊት ለፊት፣ እርጥብ ካልሲውን ገመድ ላይ ሲያሰጣ ነው። ደክሞት ዓይኑ ቀልቷል። ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፣ ጮኼበት ይወጣልኝ ነበር። ኮምፒውተሬን የመኪናው ኮፈን ላይ ከፍቼ አሳየሁት። ስለ ሻካራነት፣ ስለ ካርታው፣ ስለማይሄደው ጉብታ ነገርኩት፣ በመሀል ውኃ አቀረበልኝ። ጠላቂዎቹ እንደዛሉ፣ ነገ ጠዋት አንድ ጊዜ ብቻ ሊያስገባቸው እንደሚችል፣ ከእኩለ ቀን በፊት ዕቃውን ሁሉ ከወንዙ ማውጣት እንዳለበት አስረዳኝ። ወይ እዚህ ነው ወይ እዚያ። እዚህ ደግሞ የዋናው መሥሪያ ቤት ስሌት አለ፣ ጀሪካኑ አለ፣ የዝናብ ልብሱ አለ። እዚያ ያለው የእኔ ጉብታ ብቻ ነው።

«እርግጠኛ ነሽ?» አለኝ።

በእኛ ሙያ እንዲህ የሚባል ቃል የለም። እኛ ግምት ነው የምንለው። «በተገኘው መረጃ መሠረት» እንላለን፣ «ከዚህ እስከዚህ ሊሆን ይችላል» እንላለን። አለቃዬ አንዴ «ዝናብ እየጣለ አይደለም ወይ?» ቢለኝ «ይመስላል» ብዬ የመለስኩ ሰው ነኝ፣ እስካሁን ይስቁብኛል። በዚያች ሰዓት ሞረድ አጠገቤ ቢሆን ኖሮ መልሴን ለመስማት አንገቱን ያሰግግ ነበር።

«እርግጠኛ ነኝ» አልኩት፣ አፌን ሞልቼ።

ውሸቴን ነበር። ሻለቃው እንደዋሸሁ ያወቀ ይመስለኛል። ካልሲውን ገመዱ ላይ አስተካከለና፣ ነገ ጠዋት ማጠፊያው ጋ እንገናኝ ብሎኝ ወደ ሰዎቹ ሄደ።

ቤት ስደርስ ጀምበሯ ገና አልጠለቀችም። እማዬ በሩን ገርበብ አድርጋ ትታዋለች፤ እሱ ከጠፋ ወዲህ አትዘጋውም። የሱን ፎጣ በየቀኑ ታጥበዋለች፣ ያልተነካ ፎጣ፣ አድርቃ አጥፋ የወንበሩ መደገፊያ ላይ ታስቀምጠዋለች። እንደ ልማዷ «አገኛችሁት?» አለችኝ። አላገኘንም አልኳት። «ተመስገን» አለች።

የመጀመሪያ ቀን ይህን ስትል ስሰማት የተሳሳትኩ መስሎኝ ነበር። በኋላ ገባኝ። እማዬ ዘንድ ያልተገኘ ሰው አልሞተም። ዋኝቶ ወጥቷል፣ ራሱን መቶት አንድ ሆስፒታል ተኝቷል፣ ስሙን ረስቷል፣ ስሙን ያስታወሰ ቀን ይመጣል። እኔ ቁርጡን ካላወቅሁ እብድ ልሆን ነው፣ እሷ ደግሞ በሕይወት ያቆያት ቁርጡን አለማወቋ ነው። ሁለታችንም የምንወደው አንድ ሰው ነው፣ የምንለምነው ግን ተቃራኒውን ነው።

ልደብቃት አስቤ ነበር፣ አልቻልኩም። ጉብታውን ነገርኳት። ካርታ ምን እንደሆነ፣ ሻካራነት ምን እንደሆነ ለማስረዳት አልደከምኩም፤ ያለበትን ቦታ ያወቅሁት ይመስለኛል፣ ነገ ጠዋት ይገቡለታል አልኳት። ፎጣውን ከመደገፊያው አንስታ ጭኗ ላይ ዘረጋችው፣ መልሳ አጠፈችው፣ እንደገና ዘረጋችው።

«አታግኚው» አለችኝ።

«እማዬ…»

«ባጠባሁሽ ጡቴ ይዤሻለሁ፣ አታግኚው ልጄ።»

ነገ በሮቹ ከተከፈቱ እስከ ዓለም ፍጻሜ እንደማይገኝ ነገርኳት። እሷም ይህንኑ ነው የምትፈልገው። አለመገኘት ምን አለው፣ አለመገኘት ሰው ገድሎ አያውቅም አለችኝ፣ ሕፃን እንደምታባብል ቀስ ብላ። ያኔ ጠላኋት። እናቴን፣ ያቺን የከሳች ትከሻ፣ ያንን የታጠፈ ፎጣ ጠላሁት። ወዲያው ደግሞ አሳዘነችኝ፣ ቀናሁባትም፣ ምክንያቱም እኔም እንደሷ ማመን ብችል ኖሮ ያን ኮምፒውተር ወንዝ ወርውሬው ፎጣ ሳጥብ እኖር ነበር። እሄዳለሁ አልኳት። ሌሊቱን አንድ አልጋ ላይ ጀርባ ለጀርባ ተኝተን አነጋን፣ ሁለታችንም እንዳልተኛን ሁለታችንም እያወቅን።

ጠዋት ስነሳ አልጋው ላይ የለችም። ፎጣውም ወንበሩ ላይ አልነበረም።

ማጠፊያው ጋ ስደርስ ቀድማኝ ደርሳለች። ዳር ላይ፣ ሣሩ ላይ ተቀምጣ የፌስታል ከረጢት ታቅፋለች። ውስጡ ፎጣው አለ፣ ንጹሕ ሸሚዝ አለ፣ ሹራብ አለ። እንዳየችኝ «ውኃው ቀዝቃዛ ነው፣ ይበርደዋል» አለችኝ። ሌሊቱን ስታስብ አድራ ሌላ መንገድ አግኝታለች ማለት ነው፤ እንዳይገኝ ማድረግ ካቃታት፣ በሕይወት ይገኝላታል። አጠገቧ ተቀምጬ ከረጢቱን አብሬ ያዝኩላት።

ቀያሹ ከጀልባው ላይ ሆኖ ቦታውን አስልቶ ተንሳፋፊ ምልክት ጣለ። ወንዙ ጸጥ ብሏል፣ ቀለሙ የሻይ በወተት ነው፣ አንድ ክንድ ታች እንኳ አያሳይም። ጠላቂው ወገቡ ላይ ገመድ ታስሮለት ገባ። ታች ላይ ዓይን አይሠራም፤ በእጁ እየዳበሰ ነው የሚፈልገው። ገመዱ ዝም ካለ ምንም የለም ማለት ነው፣ ደጋግሞ ከተሳበ አገኘሁ ማለት ነው ብሎ ሻለቃው ነግሮኛል። ዓይኔን ገመዱ ላይ ተከልኩ። ሳምንቱን ሙሉ አግኙልኝ እያልኩ አምላክን ስጨቀጭቅ የከረምኩ ሴት፣ እዚያች ሰዓት ላይ ምን ብዬ ብጸልይ ጥሩ ነው? ድንጋይ አድርገው አልኩ። ስሌቴን ውኃ ይብላው፣ ያ የዋናው መሥሪያ ቤት ሰው ይሳቅብኝ፣ ሙያዬን ልተው፣ ብቻ ድንጋይ አድርገው።

ገመዱ ተሳበ። ቆመና እንደገና ተሳበ፣ እንደገና።

ጠላቂው ሲወጣ ጭምብሉን አውልቆ መጀመሪያ ያየው ሻለቃውን ሳይሆን እኔን ነው። ጀልባው እንደሆነ፣ ግማሹን አሸዋ እንደበላው ተናገረ። የመንጃ ክፍሉ በር ላይ ከውጭ አሸዋ ተቆልሎበት ሊከፈት አይችልም፤ በተሰበረው መስኮት በኩል እጁን አስገብቶ ዳብሷል። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሰው አለ» አለ።

እማዬ ሰምታዋለች። ከረጢቱን ከእጄ ነጥቃ ፎጣውን አወጣችና ትከሻዋ ላይ አዘጋጀችው፣ ልጅ ከገንዳ እንደምታወጣ እናት።

ለማውጣት ብዙ ደከሙ። ግድቡ ላይ ያሉት ሰዎች በሬዲዮ ደጋግመው ሰዓቱ እየደረሰ ነው ይላሉ፣ ሻለቃው ትንሽ ብቻ፣ ትንሽ ብቻ እያለ ይለምናቸዋል። ጀልባውን እዚያው ተዉት። እሱን በሸራ ጠቅልለው ዳር አወጡትና ሣሩ ላይ አሳረፉት። ሻለቃው ወደ እኛ መጥቶ ፊቱን አታሳዪያት አለኝ፣ በጆሮዬ። ውኃ ሳምንት ሙሉ የያዘው ፊት እናት የምታየው አይደለም። እኔ ለብቻዬ ሸራውን ከደረቱ ላይ ገለጥ አድርጌ አየሁ። ሸሚዙን አውቀዋለሁ፤ የአንገቱ ቁልፍ ተበጥሶ በሌላ ቀለም ክር የተከልኩት እኔ ነኝ፣ ለዚያም ወር ሙሉ ስቆብኛል። መልሼ ሸፈንኩት።

እማዬ ግን ካላየሁት አለች። ሻለቃው ቸገረው። በመጨረሻ ከሸራው ሥር አንድ እጁን ብቻ ቀስ አድርጎ አወጣላት።

ተንበርክካ ተቀበለችው። መዳፉን ወደ ላይ ገልብጣ በአውራ ጣቷ ዳበሰችው፣ ከአንጓው እስከ ጣቶቹ ጫፍ። ቆም አለችና እንደገና ዳበሰችው። ከዚያ ጉንጯ ላይ አደረገችው። ፊቷ ሲፈታ አየሁ፣ ከሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ሲፈታ።

«የኔ ልጅ አይደለም» አለች። ድምፏ ውስጥ ደስታ ነበር፣ የምታፍርበት ደስታ። «የኔ ልጅ እጅ ሞረድ ነው እኮ። ይሄ ለስላሳ ነው፣ የሕፃን ገላ ነው የሚመስለው። የማን ልጅ ይሆን፣ እናቱን ፈልጓት እንጂ፤ ይህን ጊዜ የትም ስትንከራተት ነው ምስኪን።»

ሻለቃው አንገቱን ደፋ። ቀያሹ ፊቱን አዞረ። የሚነግራት ሰው አልነበረም፤ እኔ ብቻ ነኝ ያለሁት። ዕድሜዬን በሙሉ ሻካራና ለስላሳ ስለይ የኖርኩ ሰው ነኝ። ውኃ አሸዋውን እየቆለለ ያሻክራል፣ ሰውን ግን ያለሰልሳል። የገመዱን ጠባሳ፣ የአካፋውን ቆዳ፣ የሃያ ዓመት ሥራውን በአንድ ሳምንት ውስጥ ከመዳፉ ልጦ ወስዶታል። ይህንን ለእናቴ በየትኛው አፌ ልንገራት?

«እሱ ነው እማዬ» አልኳት።

«እርግጠኛ ነሽ?»

ትናንት ለሻለቃው ስመልስ ዋሽቼ ነበር። ዛሬ እንድዋሽ የምትለምነኝ እናቴ ናት፣ በዓይኗ፣ ያንን እጅ ጉንጯ ላይ እንዳደረገች። «ይመስላል» ብላት ኖሮ ትበቃት ነበር። በ«ይመስላል» ዕድሜ ልኳን ትኖርበት ነበር።

«እርግጠኛ ነኝ» አልኳት። «ውኃ ነው እማዬ። ውኃ ነው ያለሰለሰው።»

አልጮኸችም፣ ደረቷንም አልመታችም። ፎጣውን ከትከሻዋ አወረደችና እጁን አደረቀችለት፣ ጣት በጣት፣ ከዚያም ሸራው ሥር መልሳ አስገባችለት። ሁላችንም ምን እንደምታደርግ እንጠብቃለን። እሷ ግን እዚያው ሣሩ ላይ እንደተቀመጠች ዞር አለችና፣ ማታ ማታ ከሥራ ሲመጣ እንደምታደርገው፣ ጀርባዋን ሰጠችው።

እንደዚያ ሆና ጠበቀች። ጠላቂው ግራ ገብቶት አየኝ። ሄጄ ከኋላዋ፣ በሷና በሱ መሀል ተቀመጥኩና መዳፌን ጀርባዋ ላይ አድርጌ ማሸት ጀመርኩ። የወረቀት እጅ ነው፣ ያዳልጣል፣ ታባርረኛለች ብዬ ነበር። አላባረረችኝም። ከላይ፣ ከግድቡ በኩል፣ የማስጠንቀቂያው ጡሩንባ ሲነፋ ሰማን፣ ሻለቃውም ሰዎቹን ከዳር እንዲርቁ ጠራቸው።

«ጠንከር አድርጊው» አለችኝ።

በጥፍሬም በመዳፌም አጠነከርኩት፣ ግን የሱን ያህል አልሆነላትም።